ለታመመ ሰው መንገድ ስለ መልቀቅ

ጌታችን በቅፍርናሆም ሲያስተምር ቤቱ በሕዝብ ሞልቶ ነበርና አራት ሰዎች የተሸከሙትን ሽባ የሚያስገቡበት አጡ። በሩን የዘጋው ጠላት አልነበረም፤ ቃሉን ለመስማት የመጣ ሕዝብ ነው እንጂ። ተሸካሚዎቹም ጣራውን ነድለው አወረዱት፤ ጌታም እምነታቸውን አይቶ ድውዩን ፈወሰው እንጂ ጣራ ስለ መንደላቸው አልነቀፋቸውም።

ይህ ነገር በየበዓላችን ያጋጥማል። ጥቅምት 27 ቀን በኮልፌ፥ በቀራንዮ መድኃኔ ዓለም፥ ታቦቱን አጅቦ ከቆመው ሕዝብ መካከል አንድ ምእመን ቢወድቅ፥ ለቃሬዛ መንገድ መልቀቅ የበዓሉን ክብር ማጉደል ነውን? ወይስ መፈጸም?

አንዳንድ ሰዎች በጸበል ስፍራ ሐኪም ማቆም የእምነት ማነስ ይመስላቸዋል። ነገር ግን መጽሐፈ ሲራክ በ38ኛው ምዕራፍ ሐኪምንም መድኃኒትንም የፈጠረ እግዚአብሔር እንደ ሆነ ያስተምራል። እንግዲህ ሁለቱ የአንድ ጌታ ስጦታዎች ናቸውና አይጣሉም። ራሱን ለሳተ ሰው ግን ጸበል በአፉ ማፍሰስ ትንፋሹን ሊዘጋ ይችላል፤ ስለዚህ የሚተነፍስ ከሆነ በጎኑ አስተኝቶ፥ አየር እንዲያገኝ ዙሪያውን ከፍቶ፥ ባለሙያ መጥራት ይገባል። ደም የሚፈሰውን ቁስልም በንጹሕ ጨርቅ አጥብቆ መጫን ነው።

ጥር 11 ቀን 2012 ዓ.ም. በጎንደር ጥምቀተ ባሕር፥ መስከረም 21 ቀን 2018 ዓ.ም. ደግሞ በምንጃር ሸንኮራ በአረርቲ ማርያም የእንጨት ርብራብ ተደርምሶ፥ ለበዓል የመጡ ምእመናን አልቀዋል፤ በአረርቲ ብቻ ያለፉት ከ30 ይበልጣሉ። በእንዲህ ያለ ሰዓት ጥቂት ደቂቃ የሰው ሕይወት ናት። በ1927 ዓ.ም. የተመሠረተው የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር አምቡላንስ በ907 ሲጠራ ቢመጣም፥ መንገድ ካልተከፈተለት መምጣቱ ምን ይጠቅማል?

ስለዚህ የየደብሩ አስተዳዳሪዎች ከበዓሉ አስቀድመው ሕዝብ የሚወጣበትን ርብራብ በባለሙያ ያስመርምሩ፤ አንድ መተላለፊያም ይለዩ፤ የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶችም በገመድ ይጠብቁት። ሌሊቱን ቆሞ ስፍራ የያዘ ምእመን መልቀቅ እንደሚከብደው እናውቃለን፤ ነገር ግን ለወደቀው ወንድሙ የሚለቃት ያች ስፍራ የዕለቱ መሥዋዕቱ ናት። ቀራንዮ ጌታ ስለ እኛ የቆሰለበት ስፍራ ነው፤ በዚህ ስም በሚጠራ ደብር ቆመን የቆሰለውን ብናልፈው፥ በኢያሪኮ መንገድ ገለል ብለው ካለፉት ከካህኑና ከሌዋዊው በምን እንለያለን?

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።