አጭሩ ልጅ ሴንተር ይቁም ወይ?

ጥያቄው ላይ ላዩን ሲያዩት ለስፖርት ገጽ የሚሆን ይመስላል፤ እኛ ግን የሥነ ምግባር ጥያቄ ነው እንላለን። ከነቀምቴ፣ ከጊምቢና ከዲጋ በመጡ ልጆች የተቋቋመ አንድ የቅርጫት ኳስ ቡድን አለ እንበል። ረጅም ልጅ አንድ ብቻ ነው ያለው፤ ሴንተር የሚቆመውም እሱ ነው። ሲደክም ወይም ፋውል ሲበዛበት ማን ይተካው? የሚገኘው ቁመቱ አንድ ሜትር ከሰማንያ የማይሞላ፣ ከጎን ሰንጥቆ መግባት የሚወድ ፎርዋርድ ነው። አሠልጣኙም «ለቡድኑ ስትል ግባ!» ይለዋል።

ብዙዎቻችን ወዲያው «ይግባ እንጂ፣ ምን ችግር አለው?» ነው የምንለው። ዲጋም ሆነ ሌላ ቦታ፣ ደቦ የወጣ ሰው «የኔ ሥራ ማጨድ እንጂ መከመር አይደለም» ብሎ እጁን አጣጥፎ አይቆምም። ይህ እውነት ነው። ግን ሙሉውን አይደለም።

ቁመት ብቻውን እንደማይፈርድ እናውቃለን። ቀለበቱ የተሰቀለው 3 ሜትር ከ5 ሳንቲ ሜትር ላይ ቢሆንም፣ ሪባውንድ የሚያዘው ከመዝለል በፊት ባላጋራን በጀርባ ገፍቶ ቦታ በመያዝ ነው። አሜሪካዊው ዌስ አንሰልድ ቁመቱ 2 ሜትር ገደማ ነበር (ይሄ አጭር ነው ወይ ብሎ የሚስቅ አንባቢ አይጠፋም፤ በዚያ ሊግ ሴንተሮች መካከል ግን አጭር ነው)፤ እ.ኤ.አ. በ1968–69 ገና በመጀመሪያ ዓመቱ የሊጉ ኮከብ ተባለ።

ታዲያ ጭንቀታችን ምንድን ነው? አጭሩ ልጅ ሲገባ የቀሩት አራቱ ረጅሙ እንዳለ አድርገው ይጫወታሉ። ኳሱን ከራሱ በላይ ይወረውሩለታል። ሲከላከል የሚደርስለት የለም፤ አምስተኛው ፋውል ይቆጠርበትና ይወጣል። ማታ በሻይ ቤት «እሱ ነው ያስበላን» ይባላል። «ለቡድኑ ሲባል» የተባለውን ዕዳ ብቻውን ከፈለ ማለት ነው።

ካንት ሰውን እንደ መሣሪያ ብቻ አትቁጠሩት ይላል። ለፈተና ስንሸመድደው «ብቻ» የምትለዋን ቃል እንዘላታለን። በቡድን ውስጥ ሁላችንም አንዳችን ላንዳችን መሣሪያ ነን፤ በደሉ ያለው እዚያች «ብቻ» ላይ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2015 ጎልደን ስቴት በፍጻሜው ውድድር በክሊቭላንድ 2 ለ 1 ሲመራ፣ አሠልጣኙ ስቲቭ ከር 2 ሜትር ከ13 የሆነውን ቦገትን ከመጀመሪያዎቹ አምስት አውጥቶ 1 ሜትር ከ98 የሆነውን ድሬይመንድ ግሪንን ሴንተር አደረገ። ሦስቱን ተከታታይ ጨዋታ አሸንፈው ዋንጫውን ወሰዱ። ግን ግሪንን ለረጃጅሞቹ ጥለውት አልሄዱም፤ አጨዋወታቸውን በሙሉ ለፍጥነት ለወጡት፤ እሱ ሲጨነቅ ሌሎቹ ይደርሱለት ነበር።

ከኛም አገር ማሞ ወልዴ አለ። በጥቅምት 1961 ዓ.ም. ሜክሲኮ ላይ አበበ ቢቂላ ታሞ ማራቶኑን ሲያቋርጥ፣ በ10,000 ሜትር ብር ካገኘ ሳምንት የሆነው ማሞ ወርቁን አመጣ። ሜልቦርን ላይ 800 እና 1,500 ሜትር የሮጠ ሰው ነው! ሆኖም ድንገት ተገፍቶ የገባ አልነበረም፤ በ1957 ዓ.ም. ቶኪዮ ላይ ማራቶን ጀምሮ አቋርጧል፤ ርቀቱን ቀምሶታል።

ልጁ እምቢ ማለት ይችላል ወይ በሚለው ላይ እርስ በርሳችን አልተስማማንም። ጎል ማግባቱ ስለሚቀርበት ብቻ እምቢ ካለ አናዝንለትም። ልምምድ ላይ አንድ ቀን እንኳ ሳያቆሙት የጨዋታ ዕለት «ግባ» ካሉት ግን እምቢታው መብቱ ነው ባዮች በዝተናል። ስለዚህ አሠልጣኙ ከዛሬ ጀምሮ በልምምድ ከረጅሙ ልጅ ጋር ያፋጥጠው፤ አራቱም ኳሱን ዝቅ አድርገው ማቀበል ይልመዱ፤ ከዚያ ይጠይቀው።