ብየዳ ቤትህ መሣሪያ አታስገባ

ልጄ፣ ጭሮ ላይ የራስህን ብየዳ ቤት ከፍተህ በርና መስኮት መሥራት መጀመርህን ስሰማ ደስ ብሎኛል። እጅህ ሲታወቅ የሚመጣልህ ሥራ ዓይነቱ ይበዛል። አንድ ቀን ደግሞ ከገጠር የመጡ ትልቅ ሰው አሮጌ ምንሽር ወይም ክላሽ በጋቢ ጠቅልለው ደጅህ ይቆማሉ። «ይቺን ስንጥቅ ብቻ ነካ አድርግልኝ» ይሉሃል። ያኔ የምትመልሰውን ከአሁኑ እንድትወስን ብዬ ነው የምጽፍልህ።

እምቢ በል። ምክንያቱንም ጠንቅቀህ እወቅ፤ ምክንያቱን ያላወቀ ሰው ሁለተኛ ሲለመን ይረታል።

ባሌስትራን ታውቀዋለህ። ከሂርናና ከገለምሶ ጫት ጭኖ የሚሮጥ አይሱዙ ባሌስትራው ሲሰበር ሹፌሩ ቸኩሎ ወደ በያጅ ያመጣዋል። ይበየዳል፣ በግራይንደር ይስተካከላል፣ ሲያዩት ያምራል። ዳገት ላይ ጭነት ሲከብደው ግን እንደገና ይሰበራል። እንዲህ ያለ ስብራት ካጋጠመህ አንስተህ እየው። የለቀቀው ብየዳው አይደለም። ከብየዳው ጠርዝ አጠገብ ያለው ብረት ነው፤ ሳይጎብጥ፣ ሳይለመጥ፣ እንደ ብርጭቆ ቷ ብሎ ነው የሚሄደው። ባሌስትራ ካርቦን የበዛበት፣ በእሳት ግሎ በዘይት ቀዝቅዞ ልኩን ያገኘ ብረት ነው። ኤሌክትሮድህ ሲነካው ከብየዳው ጎን ያለው ክፍል ይግልና ወዲያው ይቀዘቅዛል፤ ደርቆ ተሰባሪ ይሆናል። ትንሽ ራቅ ያለው ደግሞ የነበረውን ጥንካሬ አጥቶ ይለሰልሳል። በክረምት ፓኬቱ ተከፍቶ ያደረ፣ እርጥበት የጠጣ ኤሌክትሮድ ከሆነማ ሃይድሮጅን ብረቱ ውስጥ ይገባል፤ ስንጥቁም አንተ ገንዘብህን ተቀብለህ ሰውየው ከሄደ በኋላ፣ ከሰዓታት አንዳንዴም ከቀናት በኋላ ይወጣል።

መሣሪያም ከዚሁ ወገን በሆነ ብረት የተሠራ ነው። ጥይት ሲተኮስ ውስጡ የሚፈጠረው ግፊት አሁን ከምንተነፍሰው አየር ግፊት ከ3,000 እጥፍ በላይ ነው። ይህን የሚሸከሙት ጥይቱ የሚጎርስበት ክፍልና ከኋላው የሚዘጋው ብረት ናቸው፤ ሁለቱም ከተኳሹ ጉንጭ ብዙ አይርቁም። ፋብሪካ ብረቱን መርጦ፣ በተለካ ሙቀት አጠንክሮ፣ ከመደበኛው በላይ ኃይል ባለው ጥይት ፈትኖ ነው የሚያወጣው። አንተ ዘንድ ያለው 6013 ኤሌክትሮድ ለላሜራና ለቱቦላሬ ነው። ሥራህን የምትፈትንበት መንገድም የለህም፤ የሚፈትኑት እኚያው ሽማግሌ በዓይናቸው ነው። በስልክህ የምታያቸው፣ በውጭ አገር መሣሪያ መነካካትን የትርፍ ጊዜ ሥራ ያደረጉ ሰዎች አያታልሉህ፤ ቪዲዮው የሚያሳይህ የሰመረውን ነው።

ሕጉም አለ። የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ያለ ፈቃድ መሣሪያ መጠገንን ይከለክላል። ስለዚህ «እዚህ ይደር፣ ነገ አየዋለሁ» ብለህ እንኳ እንዳትቀበል። ካደረ ተጠያቂው አንተ ነህ። ግድግዳ ላይ የሚሰቀል የአያት ቅርስ ነው ቢሉህም ያው ነው፤ ቅርሱን ነገ የልጅ ልጅ አውርዶ ጥይት ሊያጎርሰው ይችላል።

አካባቢው መሣሪያን የሚያከብር ስለሆነ እምቢታው ድፍረት ሊመስልህ ይችላል። ግን አስበው፤ ከተማችንን ጭሮን አሰበ ተፈሪ ብለው ያቋቋሟት ፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ሩሲያ ሄደው መድፈኝነት የተማሩ ሰው ነበሩ። ስለ መሣሪያ ከእኛ ሁሉ ይበልጥ ያውቁ ነበር። እዚህ የሚነሱት ግን በፕላን ባሠሯት ከተማ ነው።

አነጋገርህ ላይ ተጠንቀቅ። ሽማግሌውን በደጅ አታቁማቸው፤ አስቀምጣቸው፣ ውኃ ስጣቸው። «አባቴ፣ ይህ ብረት በብየዳ አይድንም፤ ለዓይንዎ ስለምሳሳ ነው» በላቸው። የተሰበረ ባሌስትራ ካለህ አውጥተህ ስብራቱን አሳያቸው፤ ከገበሬ የበለጠ የብረትን ጠባይ የሚረዳ የለም፣ ማረሻው አስተምሮታል። ማረሻቸውን ይዘው ከመጡ ግን በደስታ ሥራላቸው።

ተቆጥተው ከሄዱ ወደሚቀጥለው በያጅ መሄዳቸው አይቀርም። ስለዚህ ይህን ነገር ለብቻህ አትያዘው። በዚያው መንገድ ላይ ያሉትን በያጆች፣ ሚኤሶና በዴሳ ያሉ ጓደኞችህንም ጭምር አነጋግርና ሁላችሁም አንድ መልስ ይኑራችሁ።