አዳኝ የሚባለው ማን ነው?

ኃይል ያለው ወገን ደካማው ሲታረድ እያየ ዝም ቢል ተጠያቂ ነውን? ለማዳን ከተነሣስ የራሱን ደም ምን ያህል ሊሰስት ይገባዋል? ጥያቄው ለእኛ የመጽሐፍ ጥያቄ ብቻ አይደለም። ሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም. ኢትዮጵያ በንጉሠ ነገሥቷ አንደበት በጄኔቫ ስለ መርዝ ጋዝ አቤት ብላ ነበር፤ የመንግሥታቱ ማኅበር ግን ከጥቂት ሳምንታት በኋላ በወራሪዋ ላይ የጣለውን ማዕቀብ አነሣ። ሰሚ ያጣ ጩኸት ምን እንደሆነ የሚያውቅ ሕዝብ፣ ስለ ጣልቃ ገብነት ሲናገር መፈክር ብቻ ሊበቃው አይችልም።

የሰሜን አትላንቲክ ጦር ቃል ኪዳን ድርጅት (ኔቶ) እ.ኤ.አ. በ1949 በ12 መንግሥታት ሲመሠረት ዓላማው አባላቱን መጠበቅ ነበር። አምስተኛው አንቀጽ በአንዱ ላይ የተቃጣ ጥቃት በሁሉም ላይ እንደተቃጣ ይቆጠራል ይላል፤ አባል ስላልሆነ ገበሬ የሚናገረው የለም። ይህን እንደ ነውር አልቆጥረውም፤ ሰው አስቀድሞ የራሱን ቅጥር ያጥራል። ጭንቁ የሚመጣው አጥር አጣሪው «አዳኝ ነኝ» ያለ ዕለት ነው። (በቋንቋችን አውሬ የሚያድነውም ነፍስ የሚያድነውም በአንድ ፊደል መጻፋቸው አንዳንድ ጊዜ ያስደነግጠኛል።)

በቦስኒያ ጦርነት ስሬብሬኒትሳ እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 1993 በጸጥታው ምክር ቤት ከጥቃት የተጠበቀች ቀጣና ተባለች። ጁላይ 11 ቀን 1995 ስትወድቅ ከኔቶ የመጣላት የአየር ድጋፍ እጅግ ጥቂት ነበር፤ እርሱም የሰርቡ ጦር በእጁ የያዛቸውን የሆላንድ ወታደሮች እገድላለሁ ብሎ ሲዝት ተቋረጠ። በተከታዮቹ ቀናት 8,000 ያህል ወንዶችና ወንድ ልጆች ተረሸኑ። ሰፊው የአየር ዘመቻ የተጀመረው ኦገስት 30 ቀን ነው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ያሰኛል። ጩኸቱ ከንቱ ነበር ግን አልልም፤ በዚያው ዓመት ኖቬምበር ተፋላሚዎቹ በዴይተን ለስምምነት እንዲቀመጡ ረድቷል።

ወደ ኮሶቮ ስንመጣ ኔቶ አልዘገየም፤ ከፍ አለ እንጂ። እ.ኤ.አ. በ1999፣ ያለ ጸጥታው ምክር ቤት ፈቃድ፣ ለ78 ቀናት ሲደበድብ አብራሪዎቹ በአብዛኛው ከ15,000 ጫማ በታች እንዳይወርዱ ታዘው ነበር። በጠላት ጥይት የሞተ አንድም የኔቶ ወታደር አልነበረም። ከዚያ ከፍታ ላይ ግን ትራክተርና የጦር ተሽከርካሪ አይለዩም። ኤፕሪል 14 ቀን በጃኮቫ አካባቢ ቦምቡ የወረደው በስደተኞች ላይ ነበር፤ የሞቱትም ሊድኑ የተባሉት የኮሶቮ አልባኒያውያን ናቸው።

በጥንታዊት ግሪክ መድረክ ነገር ሲወሳሰብ አምላክ በማንሻ ተንጠልጥሎ ይወርድና ይፈታዋል። አሪስቶትል ይህን ዘዴ ነቅፎ፣ የታሪኩ መፍቻ ከታሪኩ ከራሱ መፍለቅ አለበት ብሏል። እኔን እንደ ተውኔት ሰው የሚያሳስበኝ ሌላ ነው፤ የተንጠለጠለው አምላክ ይፈርዳል እንጂ አይቆስልም።

«ለዳነው ሰው የአዳኙ ከፍታ ምን ይፈይድለታል?» የሚል ይኖራል። ከባድ ክርክር ነው። ከ800,000 በላይ የኮሶቮ ሰዎች ተባርረው ነበር፤ ድብደባው ካበቃ በኋላ አብዛኞቹ በሳምንታት ውስጥ ወደ ቀያቸው ተመልሰዋል። ልጇን አዝላ ወደ ቤቷ በምትገባ እናት ፊት ቆሞ ስለ ኢምፔሪያሊዝም ዲስኩር ማሰማት ድፍረት ነው፤ እኔ አላደርገውም። ይሁን እንጂ ከአብራሪው ላይ የተነሣው አደጋ ከዓለም አልጠፋም። ወርዶ በትራክተሩ ላይ በተቀመጡት ስደተኞች ትከሻ ላይ ተጫነ። እነርሱን ፈቃዳቸውን የጠየቀ አልነበረም። የራሱን ሞት ለሌላ አሸክሞ የሚያድን፣ ምንም ያህል ሰው ቢያተርፍ፣ ዕዳ አለበት ባይ ነኝ።

ዕዳውን የሚቆጥር ዳኛ ግን ብርቅ ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 የሆላንድ ከፍተኛው ፍርድ ቤት፣ በስሬብሬኒትሳ አቅራቢያ ከሆላንድ ወታደሮች ሰፈር እንዲወጡ ለተደረጉ 350 ያህል ወንዶች ሞት መንግሥት 10 በመቶ ተጠያቂ ነው ብሎ ፈረደ፤ ቢቀሩ ኖሮ የመትረፍ ዕድላቸው ያን ያህል ነበር በሚል ስሌት። የጃኮቫው ሰልፍ ግን እስከ ችሎት አልደረሰም። የዩጎዝላቪያ ጉዳይ ዓለም አቀፍ ፍርድ ቤት ዐቃቤ ሕግ በኔቶ የአየር ዘመቻ ላይ ምርመራ እንደማይከፈት እ.ኤ.አ. በ2000 አስታውቋል።