የማትጮኸው ኤሊ

ጥጃ ሲርበው ይጮኻል፤ ግልገል ኤሊ ግን በዝምታ ትሞታለች። እንደ ነብር ዝንጉርጉር የሆነችው የስምጥ ሸለቆ ኤሊ ወደ መካነ ሰላም ደጋ ብትመጣ፣ ብርዱ የበላችውን እንዳትፈጭ ያደርጋታል። ፀሐይና ካልሲየም ካጣች ቅርፊቷ ይለሰልሳል፤ በዝርግ ሳህን ውሃ ካልቀረበላት ሰውነቷ ይደርቃል።

ታዲያ «እወዳታለሁ» ማለት ምንድን ነው? በካርቶን አስቀምጦ መደሰት ነው ወይስ የሚያስፈልጋትን ማወቅ? እርሷ ከ50 ዓመት በላይ ልትኖር ትችላለች፤ የእኛ ጉጉት ግን ብዙ ጊዜ ከወር አያልፍም። ምሳሌ 12፥10 የሰውን ጽድቅ ለእንስሳው ከሚያደርገው ርኅራኄ ጋር ያያይዘዋል። ስለዚህ በእጃችሁ ያለችውን በሙቀትና በፀሐይ ጠብቁ፤ በዱር ያለችውን እዚያው ተዉአት። አንዳንድ ጊዜ መውደድ አለመውሰድ ነው።