ለድንጋይ የቀረበ ልመና



እ.ኤ.አ. በ1959 አንሪ ደ ኮንታንሶን የተባለው ፈረንሳዊ ተመራማሪ በአክሱም አቅራቢያ ሐውልቲ በሚባለው ስፍራ ሲቆፍር፥ ከኖራ ድንጋይ የተቀረጸች የተቀመጠች ሴት ምስል ተገኘች። ሽንሽን ቀሚሷ እስከ እግሯ ይወርዳል፤ እጆቿ በጉልበቶቿ ላይ ዐርፈዋል። ንግሥት ትሁን ወይስ አምላክ፥ ሊቃውንቱ አልቈረጡም።

እርሷን የምትመስል ታናሽ ምስል ደግሞ በዚያው በትግራይ በአዲ ገላሞ ተገኝታለች። በሥሯ አጭር ጽሑፍ ተቀርጾአል። ትርጉሙም ለያማናት ልጅ እንዲሰጥ የሚል ነው። ወንጌል ወደ አገራችን ከመድረሱ ከብዙ መቶ ዓመታት በፊት፥ ልጅ ያጣ ቤት ኀዘኑን ለድንጋይ አደራ ሰጠ ማለት ነው።

ግብፃውያንም በዚህ ጥበብ የታወቁ ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1912 በአማርና የተገኘችው የንግሥት ነፈርቲቲ ምስል የኖራ ድንጋይ በጄሶ ተለብጦ፥ በላዩ ቀለም የተቀባ ነው። ከሦስት ሺህ ዓመታት በኋላም ቀለሙ ደምቆ ይታያል። ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ2006 በሕክምና ራጅ ውስጡ ሲመረመር፥ ከጄሶው በታች በአፏ ዳርና ዳር መስመር ያለበት ሌላ ፊት ተገኘ። በመካከላችንም ቀለም የሸፈነው ስንት ፊት አለ!

መዝሙር 115 ጣዖታትን የሚወቅሰው ብልት ሁሉ ተሠርቶላቸው ሥራው ስለሌላቸው ነው። በዚህ ግን አያበቃም፤ በእነርሱ የሚታመን ሰው መጨረሻው እነርሱን መምሰል እንደሆነ ያስጠነቅቃል። እንግዲህ ጥያቄው ወደ እኛ ይመለሳል። እኛ በሀቢቾና በሆሳዕና ያለን ወጣቶች ለድንጋይ አንሰግድም፤ ነገር ግን ጆሮአችን የድንጋይ ጆሮ ሆኖ ይሆንን?

አንዲት እኅት አግብታ ሁለት ሦስት ዓመት ሳትወልድ ብትቀር ምን እንላታለን? በለቅሶ ቤት፥ በገበያ፥ በቤተ ክርስቲያን ደጅ ሳይቀር፥ «እስካሁን ምነው?» እንላለን። ዘመዶች ባልዋን ሌላ አግባ ብለው ይመክሩታል። መካንነት ከባልም ከሚስትም በኩል ሊመጣ እንደሚችል ሐኪሞች እየነገሩን፥ ስድቡን የምንጭነው በእርሷ ላይ ብቻ ነው።

አንደኛ ሳሙኤል ምዕራፍ 1ን አንብቡ። ሐና በሴሎ ስታለቅስ ካህኑ ዔሊ ሰካራም መሰለችው። የእግዚአብሔር አገልጋይ ሆኖ ሳለ፥ የከንፈሯን መንቀሳቀስ አየ እንጂ የልቧን አልሰማም። የነገረችውን ሰምቶ ሲባርካት ግን ሄዳ በላች፤ ፊቷም ከእንግዲህ አላዘነም። ልብ በሉ፤ ይህ የሆነው ሳሙኤል ከመፀነሱ በፊት ነው! ያለቀሰች ሁሉ ሳሙኤልን ታገኛለች የሚል ተስፋ ማንም ሊሰጥ አይችልም። የሚሰማት ሰው ግን ልታገኝ ይገባታል።

ስለዚህ ወገኖቼ፥ ጥያቄአችንን እንተው። ባልና ሚስት አብረው ወደ ሐኪም እንዲሄዱ እንርዳ። ከሁሉ በፊት አጠገቧ ተቀምጠን እንስማ። የያማናትን ልመና የተቀበለው ድንጋይ ነበር፤ የእኅቶቻችንን ልመና የሚሰማው ግን ሕያው አምላክ ነው። እርሱን የምናመልክ ከሆንን፥ መምሰል ያለብን እርሱን ነው። ለዚህም ጌታ ይርዳን፤ አሜን።