ራውተር ሰንበት ያስፈልገዋልን?

የቤት ኢንተርኔት ራውተርን በየሳምንቱ አጥፍቶ ማብራት ዕረፍት ነው ወይስ ጥገና? ኃይል ሲቋረጥ የራውተሩ ጊዜያዊ ማኅደረ ትውስታ ይጸዳል፤ በሶፍትዌር ጉድለት የተከማቸ መረጃና የተንጠለጠለ ግንኙነትም አብሮ ይወገዳል። የተንቀራፈፈው ራውተር የሚፈጥነው በዚህ ምክንያት ነው። ጉድለቱ ራሱ ግን ስለማይነካ ችግሩ ቆይቶ ይመለሳል፤ የሚሻለው ሶፍትዌሩን ማደስ ነው። ጤነኛ ራውተር ለወራት ሳይጠፋ ይሠራል። በወልቂጤም ሆነ በቡታጅራ መብራት ሄዶ በመጣ ቁጥር ደግሞ ማንም ሳያዘው ዳግም ይነሳል።

ክርስቲያኖችና ሙስሊሞች አብረው በሚኖሩባቸው በእነዚህ ከተሞች ሥራን በቀጠሮ ማቆም የታወቀ ሥርዓት ነው። የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ቅዳሜንም እሑድንም ታከብራለች፤ ይህም በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን፣ በ1450 እ.ኤ.አ.፣ በደብረ ምጥማቅ ጉባኤ ጸንቷል። በእስልምና ዓርብ ሥራ የሚቆመው ለጁምዓ ሶላት ነው፤ ሶላቱ ሲያበቃ ወደ ሥራ መመለስ ይፈቀዳል። በሁለቱም የሥራው መቆም ዓላማ አምልኮ እንጂ ጥገና አይደለም።

የኦሪት የሰንበት ትእዛዝ አገልጋይን፣ በሬንና አህያን ይጨምራል፤ ማረሻን ግን አይጠቅስም። ዕረፍት የሚገባው መድከም ለሚችል ፍጡር ነውና። ራውተርም ከማረሻው ወገን ነው። ሰንበት የሚከበረው ሰው ባይደክምም ነው፤ ራውተር ግን የሚጠፋው ጥቅም ሲኖረው ብቻ ነው፤ ይኸውም ሲንቀራፈፍ፣ ሲንጠለጠል ወይም ሶፍትዌሩ ሲታደስ ነው።