ከላይ የደረቀ፣ ከታች የረጠበ

በአላህ ስም እጅግ በጣም ሩኅሩኅ እጅግ በጣም አዛኝ በሆነው። ምስጋና ለዓለማት ጌታ ለአላህ ይገባው፤ ሰላትና ሰላም በነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይስፈን።



ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) በገበያ ሲያልፉ የእህል ክምር አዩ። እጃቸውን ወደ ውስጥ ሲሰዱ ጣቶቻቸው እርጥበት ነካቸው። ባለቤቱን ምን እንደሆነ ጠየቁት፤ ዝናብ እንደመታው ተናገረ። የረጠበውን ሰው እንዲያየው ከላይ ለምን አላደረግኸውም ብለው ገሠጹት፤ የሚያታልል ከእርሳቸው እንዳልሆነም አስጠነቀቁ። ኢማም ሙስሊም የዘገቡት ይህ ሐዲስ ዘወትር የሚነገረው ለእህልና ለጨርቅ ነጋዴ ነው። እኔ ግን ዛሬ ስለ መሬት ላነሣው እወዳለሁ፤ ከላይ ደርቆ ከታች ከሚረጥብ ሸቀጥ አንዱ መሬት ነውና።

ከተሞቻችን እየሰፉ ነው። ትናንት ከከተማ ዳር የነበረው የቆዳ ፋብሪካ፣ ጋራዥ፣ የነዳጅ ማደያ፣ የጸረ ተባይ መጋዘን ዛሬ መሐል ሰፈር ገብቷል። ሥራው ሲቆም ቆርቆሮው ይነሣል፣ ግቢው ይጠረጋል፣ አፈር ይለብሳል፤ ቦታውም ለመኖሪያ፣ ለመዋዕለ ሕፃናት፣ አንዳንዴም ለመድረሳ ይፈለጋል። ቆዳ የተለፋበት ክሮም፣ ከአሮጌ ባትሪ የፈሰሰው እርሳስ፣ ለዓመታት የተንጠባጠበው ዘይት ግን ከአፈሩ ሥር እንዳለ ነው። ልጅ በአፈር ይጫወታል፣ እጁን ወደ አፉ ያደርጋል። እርሳስ ደግሞ የሕፃንን አእምሮ የሚጎዳ መርዝ ነው።

መሬት ዕረፍት ሲያገኝ ይድናል የሚል ሰው ይኖራል። እውነት ነው፤ የመንዝ ሰዎች የጓሳን ሣር በቀሮ ሥርዓት ለዓመታት እየዘጉ፣ በወቅቱ እየከፈቱ ለብዙ መቶ ዓመታት ጠብቀው አቆይተዋል። በግጦሽ የተጎዳ መሬት እንዲህ ሲጠበቅ ያገግማል። የተመረዘ መሬት ግን ሌላ ነው። ዲዲቲ በአፈር ውስጥ ለአሥርት ዓመታት ይቆያል፤ እርሳስ ደግሞ ከነአካቴው አይበሰብስም። መሬቱን አጥሮ መተው ብቻ አይፈውሰውም፤ የሰው እጅ ያበላሸውን የሰው እጅ ሊያጸዳው ግድ ይላል።

ማጽዳት እንደሚቻል አገራችን አይታለች። ለአንበጣ፣ ለተምችና ለወባ ትንኝ መከላከያ ተብሎ የገባው መድኃኒት ጊዜው አልፎበት በየክፍለ ሀገሩ መጋዘን ተከማችቶ ነበር፤ በርሜሉ ዝጎ፣ መርዙ ወለሉ ላይ ፈሶ። እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ መጀመሪያ የዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅት በተሳተፈበት ዘመቻ ወደ 1,500 ቶን የሚጠጋው ተሰብስቦ፣ እንደ አዲስ ታሽጎ፣ በመርከብ ወደ ፊንላንድ ተወሰደና በከፍተኛ ሙቀት ምድጃ ተቃጠለ። ለመግዛት ርካሽ የመሰለው መርዝ ለማስወገድ ስንት እንደሚያስወጣ ከዚህ እንማር። በርሜሉ ሲነሣም ሥራው አያልቅም፤ የመጋዘኑ ወለልና በሥሩ ያለው አፈር ገና ይቀራል።

አለማጽዳት የሚያስከትለውንም ዓለም አይቷል። በአሜሪካ ናያጋራ ፎልስ ከተማ፣ ላቭ ካናል በተባለ ቦታ አንድ የኬሚካል ኩባንያ እ.ኤ.አ. ከ1942 ጀምሮ ወደ 20,000 ቶን የሚጠጋ ዝቃጭ ቀበረ። በ1953 ቦታውን በአፈር ሸፍኖ በአንድ ዶላር ለትምህርት ቤት ቦርድ ሸጠው። ትምህርት ቤትና መኖሪያ ቤት ተሠራ። በ1978 መርዙ ወደየቤቱ ምድር ቤት ሰርጎ መግባቱ ታውቆ ትምህርት ቤቱ ተዘጋ፣ ሕዝቡ ተፈናቀለ። ኩባንያው በሽያጭ ውሉ ላይ ኬሚካል መኖሩን ጠቅሶ፣ ለሚደርሰው ጉዳት አልጠየቅም የሚል ቃል አስፍሮ ነበር። የውሉ ቃል ግን ሕፃናቱን ከመርዙ አላዳናቸውም። ስለዚህ ነውርን መናገር ግዴታ ቢሆንም ብቻውን አይበቃም፤ ጉዳቱን ማስወገድም ግዴታ ነው።

በሸሪዓችን መጉዳትም ሆነ ጉዳትን በጉዳት መመለስ የለም። ፉቀሃዎች ከዚህ ተነሥተው ጥፋትን መከላከል ጥቅምን ከማምጣት ይቀድማል የሚል ደንብ አውጥተዋል። ከመንገድ ላይ እንቅፋት ማንሣት ከኢማን ቅርንጫፎች አንዱ ነው፤ ከልጆች እግር ሥር መርዝ ማንሣትማ እንዴት አይበልጥ! ውሃ ሲታጣ ተየሙም የምናደርገውስ በንጹሕ አፈር አይደለምን?

ጉዳዩ በአንድ ግቢ አጥር አይወሰንም። ደብረ ብርሃን የኢንዱስትሪ ከተማ ሆናለች። በአጠገቧ የሚፈሰው በረሳ ወንዝ ወደ ጀማ ይገባል፤ ጀማ ደግሞ በመርሐቤቴ ግርጌ አልፎ ወደ ዓባይ ይወርዳል። ላይ ያለው ከተማ በመሬቱ የቀበረውን ዝናብ አጥቦ ቢያወርደው፣ ታች ከብቱን የሚያጠጣው ገበሬ ምን አጠፋ? ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ሰዎች ውሃ በሚቀዱበት ቦታ መጸዳዳትን እርግማን ከሚያመጡ ሥራዎች ቆጥረውታል። ኬሚካል ከዚያ እንዴት ያንሳል?

እንግዲህ ምን እናድርግ? ቦታ የምትገዙ ነጋዴዎች፣ መስጂድና መድረሳ የምታሠሩ ኮሚቴዎች ሆይ፣ ካርታውን ብቻ አትዩ። እዚህ ምን ይሠራ ነበር ብላችሁ የሰፈሩን ሽማግሌዎች ጠይቁ፤ አፈሩንና የጉድጓዱን ውሃ አስመርምሩ። መርዝ ከተገኘ እንደ ዓይነቱ መፍትሔ አለው፤ ተቆፍሮ ወደተዘጋጀለት ቦታ የሚወሰድ አለ፣ በማይሰርግ ሽፋን የሚታሸግ አለ፣ የዘይት ብክለትን ደግሞ ተዋሕስያን ቀስ በቀስ ይበሉታል። ለሕፃናት መጫወቻ የማይበቃ ቦታ በሚገባ ታሽጎ ለመኪና ማቆሚያ ሊበቃ ይችላል።

ባለ ፋብሪካዎች ሆይ፣ የማጽጃውን ወጪ ከትርፋችሁ ላይ ከወዲሁ አስቀምጡ። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995ም የበከለ ሰው እንዲያጸዳ ወይም የማጽጃውን ወጪ እንዲከፍል ያስገድዳል። ወጪው ብዙ ነው ትሉ ይሆናል፤ አዎ፣ ብዙ ነው። ግን እናንተ ካልከፈላችሁት ድሃው በልጁ ጤና ይከፍለዋል፤ እርሱ ደግሞ ከትርፉ አልተካፈለም። ይህ የሰው ሐቅ ነው፤ የሰው ሐቅ በምድር ካልተመለሰ በቂያማ ቀን ይጠየቃል።

የረጠበውን እህል ከላይ ማድረግ ያን ቀን ለነጋዴው የዋጋ መቀነስ እንጂ ጥፋት አይሆንበትም ነበር። የመሬታችንንም ነውር ገልጠን እንሽጥ፣ ገልጠን እንግዛ፣ ሳናጸዳ ልጅ አናስቀምጥበት። አላህ ሐላሉን ከሚፈልጉት፣ አማናን ከሚጠብቁት ያድርገን። ወላሁ አዕለም።